«መምህር፣ ቤቱን የት ልግዛው?»

(ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።)

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ሲስቅ የማውቀው ልጅ ዛሬ እህል ነጋዴና የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። እንዲህ ይላል፦ «መምህር እንዴት ሰነበቱ? ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ። ትልቋ ልጄ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው። ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበት ቦታ ቤት ልገዛ አስቤያለሁ። እዚሁ ወገዳ ልግዛ? ነፋስ መውጫ ልውጣ? ወይስ ጨክኜ ደብረ ታቦር ልግባ? እርስዎ ቢሆኑ የት ይገዙ ነበር?»

መልሱን በውስጥ መስመር ጀምሬው ነበር፤ አልሄድ አለኝ። አንደኛ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ እውነቱን ለመናገር የራሴም ቤት ጥያቄ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከመስከረም ጀምሮ ስንጨቃጨቅበት ከርመናል። ስለዚህ እንደ ልማዴ ወደ ኋላ ሄጄ ልጀምር። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ይህን ጥያቄ መጠየቅ የጀመረው ዛሬ አይደለምና።

ትምህርት ቤቱ የሰው ስም በነበረበት ጊዜ

የእኛ አገር በዓለማዊ ትምህርት ወደ ኋላ ቀረ ሲባል ስትሰሙ ትከፉ ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን አገሩ ሁሉ ወደ እኛ ነበር የሚመጣው። ድጓን ጨርሶ «አስመሰከርሁ» ለማለት የፈለገ የዜማ ተማሪ፣ ከሸዋም ይነሳ ከጎጃም፣ ጋይንት ቤተልሔም መድረስ ነበረበት። ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ ይወጣል። ቆማ በዜማ ስልቷ ስሟ ይጠራል። የአለቃ ገብረ ሐናን የተክሌ አቋቋም የፈለገ ደግሞ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ይሄዳል። አለቃን በቀልዳቸው ብቻ የምታውቋቸው ካላችሁ ይህንንም ያዙላቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያኔ ወላጅ ልጁን ለማስተማር ቤት አይቀይርም ነበር። ቤቱን ትቶ የሚሄደው ልጁ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየጮኸበት «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። መምህሩ ዘንድ ሲደርስም መኖሪያውን የሚሠራው ራሱ ነው፤ ከጉባኤ ቤቱ ዙሪያ ጭራሮና ሣር ሰብስቦ ጎጆ ይቀልሳል። በአንድ መምህር ዙሪያ የተማሪ ጎጆ ሲበዛ ቦታው ሰፈር ይሆናል። በእኛ አገር ለትምህርት ተብሎ የተሠራው የመጀመሪያው «ቤት» ያ ጎጆ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ተማሪዎቹ ሲጠያየቁ «የት ትምህርት ቤት ትሄዳለህ?» አይባባሉም ነበር። «ማን ዘንድ ትሄዳለህ?» ነው የሚሉት። ትምህርት ቤቱ ማለት ሰውየው ነው። ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምር ሰው።

ታዲያ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ትምህርት ቤቱ ሰውየው ከሆነ፣ ሰውየው ሲሞት ወይም ሲሄድ ለምን አብሮ አልጠፋም? ቤተልሔም እንዴት ለስንት መቶ ዓመት ቤተልሔም ሆና ቆየች?

ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛው ወንበሩ ወራሽ ነበረው። ጎበዙ ደቀ መዝሙር እየቀጸለ፣ ታናናሾቹን እያስተማረ ቆይቶ መምህሩ ሲያልፉ በቦታቸው ይቀመጣል። ሁለተኛው መሬት ነው። በጎንደር ዘመን ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች «ሪም» የሚባል መሬት ይሰጥ ነበር። ሊቁም ደብተራውም ድርሻ ነበረው። መምህሩ ቦታው ላይ የሚቆየው ስለጸደቀ ብቻ አይደለም፤ የሚያርፍበት ቤትና የሚበላው እህል እዚያው ስለነበረ ጭምር ነው። ስለ ቤት መግዛት ካነሳን ደግሞ ይችን ጨምሩባት፦ በ18ኛው መቶ ዓመት ጎንደር ውስጥ የሪም መሬት ይሸጥና ይለወጥ ነበር፤ ውሉም በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋጋ፣ ምስክር ተዘርዝሮ። ዛሬ በውልና ማስረጃ የምንጋፋበትን ሥራ ያኔ ደብተራው በቀለም ቀንዱ ይጨርሰው ነበር ማለት ነው።

ጋፋት

ይህ የወራሽና የመሬት ነገር ሲጎድል ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ ከደብረ ታቦር ብዙም ሳይርቅ ጋፋትን ያስብ።

ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡትን ሚስዮናውያን ጋፋት ላይ አሰፈሯቸው። ሰዎቹ ወንጌል ሊሰብኩ ነበር የመጡት፤ ንጉሡ ግን ብረት እንዲያቀልጡና መድፍ እንዲሠሩ አደረጓቸው። ወጣት ኢትዮጵያውያንም በሥራቸው ሆነው ሙያ እንዲማሩ ተደረገ። ቤት ተሠራ፣ ትዳር ተመሠረተ፣ ልጅ ተወለደ። ጋፋት የእጅ ሥራ የሚለመድባት መንደር ሆነች። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍም የተሠራው እዚያ ነው።

ከዚያ ምን ሆነ? ንጉሡ በጥቅምት 1860 ዓ.ም ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እየጎተቱ፣ የጋፋትን ባለሙያዎች ይዘው በእኛው በጋይንት፣ በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ አቀኑ። መቅደላ የደረሱት መጋቢት 1860 ነው። የመጨረሻውን ታውቁታላችሁ። ጋፋት ግን ወንበር የሚወርስላት ሰው አልነበራትም። እውቀቱ በሰዎቹ ጭንቅላት ነበር የነበረው፤ ሰዎቹ ሲሄዱ አብሮ ሄደ። ዛሬ ስሟን የምንሰማው በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መጠሪያ ሆና ነው።

ቤተልሔምና ጋፋት። ተማሪዬ ሆይ፣ እነዚህን ሁለቱን ያዝልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስባቸዋለሁ።

የስንቅ ዘመን

ዘመናዊ ትምህርት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። አሁን «ማን ዘንድ» መባሉ ቀርቶ «የት» ይባል ጀመር። በንጉሡ ዘመን ከእኛ አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ መማር የፈለገ ደብረ ታቦር ወይም ጎንደር መውረድ ነበረበት ብለው ትልልቆቻችን ሲያወሩ ሰምተናል። እንደ ቆሎ ተማሪው ያኔም የሚሄደው ልጁ ነው። ልዩነቱ ቁራሽ መለመኑ ቀርቶ ስንቅ መሸከሙ ነው።

እናንተ የገጠር ልጆች ይህን ታሪክ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ በፌስታል ተቋጥሮ፣ ደብተር በጉያ ተይዞ፣ ሦስት አራት ሰዓት በእግር። አንድ ክፍል ቤት ለአራት፣ ለአምስት። ክራንቹ በዝናብ ሲያልቅ በገበያተኛ የሚላክ መልእክት። ከጓሳው እስከ በሽሎ በረሃ ድረስ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጅ የተማረው እንዲህ ነው።

ግን ለምን ወላጅ ከተማ ቤት ገዝቶ ከልጆቹ ጋር አይገባም ነበር? ድህነት ዋናው ነው፤ እሱን አንክድም። ግን ሕጉም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ መሸጥ መለወጥ ተከለከለ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ገበሬው መሬት አገኘ፤ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መሬቱን ሸጦ ከተማ ቤት መግዛት አይችልም። ጥሎ ከሄደም መሬቱ ላይ ጥያቄ ይነሳል። ገጠር ያለው ሀብቱ እግሩን የያዘው መሬት ሆነ።

በ1989 ዓ.ም በክልላችን የመሬት ድልድል ሲደረግ ይህ ፍርሃት እጥፍ ሆነ። «ቢሮክራሲ»፣ «ቅሪት ፊውዳል» እየተባለ የተቀነሰበት አለ፤ ያልነበረው ያገኘም አለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ገበሬው «ደግሞ ሌላ ድልድል ቢመጣስ?» እያለ ከቀበሌው ንቅንቅ ማለት ፈራ።

አባቴም ከፈሩት አንዱ ነበር። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከእኔ በሁለት ዓመት የምትበልጥ እህት አለችኝ። ከእኔ ትጎብዝ ነበር፤ ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም፤ ሒሳብ ያስተማረችኝ እሷ ናት። የቀበሌያችን ት/ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያልቃል። ሰባተኛ ያለው ወገዳ ነው፤ የአራት ሰዓት መንገድ። ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት ተከራይታ? የማይታሰብ ነው። አባቴ ከተማ ቤት ገዝቶ ቤተሰቡን እንዲያስገባ አጎቴ ብዙ ጊዜ መክሮታል። «መሬቴን ማን ይጠብቅልኛል?» ነበር መልሱ። እህቴ ከስድስተኛ ቀረች። በዓመቱ ተዳረች። ከሁለት ዓመት በኋላ እኔ ስንቄን ይዤ ወገዳ ገባሁ። ወንድ ነኛ!

አባቴ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት በቆርቆሮ ወገዳ ዳር ላይ የገዛው በ1998 ዓ.ም ነው። አንድ በሬና የባሕር ዛፍ ቁራጭ ሸጦ። ታናናሾቼ ሁሉ ከዚያ ቤት ሆነው ተማሩ፤ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። አባቴ እስከ ዛሬ ስለዚያ ቤት ሲነሳ ደስ አይለውም። «ዘግይቼ ነው የገዛሁት» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም። ስለማን እንደሚያወራ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ተማሪዬ «ለልጄ ትምህርት ብዬ ቤት ልግዛ ወይ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ መልሴ አንድ ቃል ነበር፦ ግዛ! በተለይ ሴት ልጅ ካለችህ አትዘግይ። የጠየቀኝ ግን «የት?» ብሎ ነው። እሱ ነው ከባዱ።

ቤት ት/ቤትን ሲከተል

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ቻይናዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለኖረው ሜንሲየስ ስለሚባለው ፈላስፋቸው የሚያወሩት ተረት አለ። እናቱ መበለት ነበረች። መጀመሪያ መቃብር አጠገብ ይኖሩ ነበር፤ ልጁ የለቅሶ ጨዋታ ጀመረ። ወደ ገበያ አጠገብ ተዛወሩ፤ ልጁ እንደ ነጋዴ መጮህ ጀመረ። ለሦስተኛ ጊዜ ት/ቤት አጠገብ ቤት ያዘች፤ ልጁም እጅ መንሳትና ማጥናት ጀመረ። እዚያው ቀሩ። እናት እንዲህ ናት።

ደቡብ ኮሪያን ደግሞ እዩ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መንግሥት ከሴኡል መሀል ከተማ ስመ ጥር ት/ቤቶችን ከወንዝ ማዶ ወዳለው አዲስ ሰፈር፣ ጋንግናም ወደሚባለው፣ አዛወረ። ኪዮንጊ የሚባለው ታዋቂ ት/ቤት የተዛወረው በ1976 ነው። ት/ቤቱ ሲሻገር ወላጅ ተከትሎ ተሻገረ፤ የቤት ዋጋ ሰማይ ነካ። ዛሬ ጋንግናም ቤት መግዛት ለደሃ ኮሪያዊ ሕልም ነው። ት/ቤት ቤትን ይጎትታል። የገዛ ይማራል፤ ያልገዛ ይቀራል።

ወደ እኛ ስንመለስ ያው ጉዞ በትንሹ ተጀምሯል። ከወረታ ወልዲያ ያለው የቻይናዎቹ መንገድ ነፋስ መውጫን ከሰው አገናኛት። በ2004 ዓ.ም ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ደግሞ ፈተናው መጣ። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ት/ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ይህን የሰማ ወላጅ ምን ያድርግ? «የሚያሳልፍ ት/ቤት የት ነው?» ብሎ ይነሳል። አልፈርድበትም።

በዚህ ላይ ጦርነቱ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም ነፋስ መውጫ ምን እንዳየች እኔ አልነግራችሁም፤ ያያችሁ አላችሁ። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ቤት የመግዛት ጥያቄ «የትኛው ት/ቤት ይሻላል?» ከሚለው ወርዶ «የትኛው ክፍት ነው?» ሆኗል። ይህን ስጽፍ ያመኛል።

የእኛ የመምህራኑ ጉዳይ

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ።

ቅድም ከባለቤቴ ጋር ስንጨቃጨቅ ከረምን ብያችሁ ነበር። የምንጨቃጨቀው በዝውውር ነው። እሷም መምህር ናት። ልጃችን አምስት ዓመቱ ነው። ትልቅ ከተማ ብንዛወር የተሻለ ት/ቤት ያገኛል፤ እውነቷን ነው። ልክ እንደ እኛ የሚያስቡ ስንት መምህራን አሉ መሰላችሁ! ከገጠር ት/ቤት ወደ ወረዳ ከተማ፣ ከወረዳ ከተማ ወደ ዞን ከተማ፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር። አብዛኛው ደመወዝ ፍለጋ አይደለም፤ ደመወዙ ሁሉም ጋ ያው ነው። ለልጅ ሲባል ነው። መምህርም ወላጅ ነዋ!

ግን አስቡት። አንድ የፊዚክስ መምህር ለራሱ ልጅ የተሻለ ት/ቤት ፍለጋ ሲዛወር፣ የተወው ት/ቤት ያለ ፊዚክስ መምህር ወራት ይቀመጣል። ይህን ያየ ነጋዴ ልጁን ይዞ ይወጣል። ነጋዴው ሲወጣ በወላጅ ስብሰባ ላይ ተነስቶ የሚናገር ሰው ይጠፋል። ከዚያ የቀረው ገበሬ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ መሬቱ ይዞታል። ት/ቤቱ የወደቀው በአንድ ቀን አይደለም፤ ሁላችንም ለልጆቻችን ጥሩ አባት በመሆናችን ነው የወደቀው። እንዲህ ዓይነት ጥፋት ማን ላይ ይፈረዳል?

እዚህ ላይ ነው ቤተልሔምና ጋፋት የሚመጡት። የቤተልሔም መምህር የማይሄደው ከእኛ ይልቅ ደግ ስለነበረ አይመስለኝም። ቤትና መሬት እዚያው ነበረው፤ የሚተካውን ሰው ደግሞ እዚያው ያሳድጋል። የጋፋት ባለሙያ ግን በንጉሡ ፈቃድ መጣ፤ በንጉሡ ፈቃድ ሄደ። የዛሬው የገጠር ት/ቤት የትኛውን ይመስላል? መልሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ። እኔ ግን በመምህርነት ዘመኔ ያየሁትን ልናገር፦ ለመምህራን ቤት መሥሪያ ቦታ የተሰጠበት ወይም ኅብረተሰቡ በት/ቤቱ ግቢ የመምህራን መኖሪያ የሠራበት ቦታ ላይ መምህር ይቆያል። በየዓመቱ ኪራይ የሚጨመርበት ቦታ ላይ ግን ሻንጣው ሁልጊዜ የታሰረ ነው። እኛ «ጥሩ ት/ቤት አጠገብ ቤት» ብለን እንፈልጋለን። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ጥሩ ት/ቤት የሚሆነው መምህሩ ቤት ያለው ት/ቤት ነው።

መልሱ

እንግዲህ ተማሪዬ፣ የጠየቅኸኝን ልመልስልህ።

ሕንፃውን አይተህ አትግዛ። ቀለም የተቀባ አጥር ፈተና አያሳልፍም። የአንድ ዓመት ውጤት ሰምተህም አትሩጥ፤ ያን ዓመት አምስት ጎበዝ ልጅ አንድ ላይ ደርሶ ይሆናል። ቤቱን ከማየትህ በፊት ት/ቤቱ በር ላይ ቁምና ሦስት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህራኑ እዚህ ስንት ዓመት ቆዩ? ሁለተኛ፣ መምህራኑ የራሳቸውን ልጆች የት ነው የሚያስተምሩት? ሦስተኛ፣ ከቤቱ እስከ ት/ቤቱ ልጅህ ብቻዋን በሰላም ትሄዳለች? ሦስቱ የተሟሉበት ቦታ ወገዳም ይሁን መካነ ኢየሱስ፣ አርብ ገበያም ይሁን ነፋስ መውጫ፣ እዚያ ግዛ። ነፋስ መውጫ ከሆነ ጋቢ አትርሳ!

ሦስቱም ደብረ ታቦር ብቻ ከሆነ የተገኘው ሂድ፤ አልከለክልህም። ነገር ግን ስትሄድ የትውልድ መንደርህን ት/ቤት አትርሳው። ለአንድ መምህር መኖሪያ የሚሆን ቆርቆሮ መግዛት ለአንተ ከባድ አይደለም። ያን ቤት የምትሠራው የእህትህ ልጅ እዚያ ስለቀረች ነው።

እኛስ? ዘንድሮ የዝውውር ፎርም አልሞላንም። ጀግንነት አታድርጉብኝ፤ ባለቤቴ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማማችም፤ የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ሐሳባችንን ልንቀይር እንችላለን። ያስቀረን አንድ ነገር ነው። የዚያች የእህቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ደርሳ ከእኛ ጋር፣ አባቴ ዘግይቶ በገዛት በዚያች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ትኖራለች። ከት/ቤቷ አሥር ደቂቃ ነው። ሒሳብ ላይ እናቷን ናት። አንድ ምሽት ስለ ዝውውር ስናወራ ሰማችንና «ጋሼ፣ እናንተ ከሄዳችሁ እኔ ወደ እማዬ ልመለስ ነው?» አለችኝ። እናቷ ያለችበት ቀበሌ ዛሬ ስምንተኛ ክፍል ድረስ አለ። ዘጠነኛ የለም።

በዚያ ምሽት ስለ ቤት ማውራት ትተን እራት በላን።

እናንተስ ለትምህርት ብላችሁ ቤት የቀየራችሁ ወይም ቤት ባለመቀየሩ የቀራችሁ፣ ታሪካችሁን ከታች ጻፉልኝ። በተለይ እህቶቼ፣ እናንተ ጻፉ። የስንቅ ዘመን ሰዎችም አትቅሩ፤ ድርቆሹን ማን ይሰርቅ እንደነበር ዛሬ እንተማመን።

ሰላሙን ያምጣልን። ት/ቤቶቻችንም ይከፈቱ።